የሞዱሎ መልመጃዎች ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጋር

የሞዱሎ ስሌትን፣ ማለትም ስናካፍል የሚተርፈውን ቀሪ ብቻ የሚይዘውን ስሌት፣ ለመልመድ ደብተር፣ እስክሪብቶና ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የ2018 የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ካልኩሌተሩን ለጊዜው አስቀምጡት። ቀን መቁጠሪያውን ግን ቅርብ አድርጉት፤ መልስ የምናርመው በእሱ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን አስጠናለሁ። ብዙዎቹ ሞዱሎን የሚያውቁት ከፈተና ወረቀት ነው። ያካፍላሉ፣ ቀሪውን ይጽፋሉ፣ ትክክል ይሁን አይሁን ግን አስተማሪው እስኪያርም አያውቁም። እንደ እኔ ጥሩ መልመጃ ተማሪው ራሱ ሊያርመው የሚችለው ነው። "ጥምቀት ሰኞ ይውላል" ብሎ ካሰላ ተነስቶ ግድግዳውን ያያል፤ አለቀ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በተቻለኝ መጠን ከሰዓት፣ ከሳምንትና ከበዓላት ወስጃለሁ። ቅደም ተከተሉን ባትዘሉ ይሻላል። መጨረሻ ላይ ያለው የፋሲካ ስሌት የፊቶቹን ሁሉ ይጠይቃል።

ማሟሟቂያ

17ን ለ5 ስናካፍል ድርሻው 3፣ ቀሪው 2 ነው። በሞዱሎ ስሌት ድርሻውን እንጥልና ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። አጻጻፉ እንዲህ ነው፦

17 ≡ 2 (ሞድ 5)

ሦስት መስመር ያለውን ይህን ምልክት ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪሽ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ አስተዋወቀው። ሁለት ቁጥሮች በአንድ ሞድ እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ልዩነታቸውን ማየት ይበቃል፦ 17 − 2 = 15፣ 15 ደግሞ ለ5 ያለቀሪ ይካፈላል።

እነዚህን በቃል ስሩ፦ 38 ሞድ 7፣ 100 ሞድ 12፣ 30 ሞድ 7፣ 365 ሞድ 7፣ 84 ሞድ 12፣ 7 ሞድ 12።

የመጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ይደናቀፋል። 7 ውስጥ 12 አንድም ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ድርሻው 0፣ ቀሪው ራሱ 7 ነው። 30 ሞድ 7 ደግሞ 2፣ 365 ሞድ 7 ደግሞ 1 መሆናቸውን ከአሁኑ ያዙ፤ ብዙ ስራ ይሰሩልናል።

ሰዓት፦ ሞድ 12

አሁን 9 ሰዓት ነው። ከ50 ሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ይሆናል?

50 ≡ 2 (ሞድ 12)። 9 + 2 = 11። መልሱ 11 ሰዓት ነው። አርባ ስምንቱ ሰዓት ዞሮ ዞሮ ወደ ቦታው ስለሚመለስ አንቆጥረውም።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። 4 ሰዓት ላይ ነን። ከ31 ሰዓት በፊት ስንት ሰዓት ነበር? 31 ≡ 7፣ 4 − 7 = −3። ኔጌቲቭ ሲመጣ አትደንግጡ፤ ፖዘቲቭ እስኪሆን 12 ጨምሩበት። −3 + 12 = 9፣ ማለትም 9 ሰዓት።

አንዷ ተማሪ "ቲቸር፣ 0 ሰዓት የት አለ?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀሪው 0 ሲሆን ሰዓቱ ላይ 12 ብለን እናነበዋለን። 0 እና 12 በሞድ 12 አንድ ናቸው።

ለእኛ ብቻ የተሰጠ የሚመስል ሌላ መልመጃ አለ። የስልኩን ሰዓት ወደ ሀበሻ ሰዓት ስንቀይር አንዳንዱ 6 ይቀንሳል፣ አንዳንዱ 6 ይደምራል፤ መልሱ ግን አንድ ነው። ለምን? ምክንያቱም 6 እና −6 ልዩነታቸው 12 ነው። ስለዚህ 6 ≡ −6 (ሞድ 12)።

ሞክሩ፦
1. የአውሮፕላን ትኬት 22:30 ይላል። በሀበሻ ስንት ሰዓት ነው?
2. ሮቶው መሙላት የጀመረው 7 ሰዓት ላይ ነው። ከ29 ሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ይሆናል?
3. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ50 ሰዓት በኋላ ቀን ነው ወይስ ሌሊት? (ሞድ 12 ይህን አይነግራችሁም። በሞድ 24 አስቡት።)

ሳምንት፦ ሞድ 7

እዚህ ረዘም እንላለን።

ለቀኖቹ ቁጥር እንስጣቸው፦ ሰኞ 0፣ ማክሰኞ 1፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4፣ ቅዳሜ 5፣ እሑድ 6።

የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ 30 ≡ 2 (ሞድ 7)። ስለዚህ የወሩ መጀመሪያ በየወሩ በሁለት ቀን ይገፋል። መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ፣ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ረቡዕ ነው። ፈረንጆቹ 28፣ 30 እና 31 ሲቀላቀልባቸው ለየወሩ የተለየ ቁጥር መሸምደድ አለባቸው። እኛ ሁለት ሁለት እያልን እንወርዳለን። ይህን ቀን መቁጠሪያ ይዘን ሞዱሎን በባዶ ቁጥር ብቻ ማስተማር ያሳዝነኛል።

ቀመሩ ይኸው፦

የመስከረም 1 ዕለት + 2 × (የወሩ ተራ ቁጥር − 1) + (ቀኑ − 1)፣ ሁሉም በሞድ 7

ጥምቀት በ2018 መቼ ዋለ? የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነው፤ 3። ጥር 5ኛ ወር ስለሆነ 2 × 4 = 8። ቀኑ 11 ስለሆነ 10 እንደምራለን። 3 + 8 + 10 = 21 ≡ 0። ሰኞ። ግድግዳውን እዩ።

ስህተት የሚበዛው "− 1" ላይ ነው። መስከረም 1 ራሱ መነሻችን ነው። ከ1 እስከ 11 ያለው እርምጃ አስር እንጂ አስራ አንድ አይደለም። መልሳችሁ በአንድ ቀን ካለፈ መጀመሪያ ይህንን ፈትሹ።

ሞክሩ፣ ሁሉም በ2018፦
4. መስቀል፣ መስከረም 17።
5. ገና፣ ታኅሣሥ 29።
6. የዓድዋ ድል በዓል፣ የካቲት 23።
7. በአንድ ዓመት ውስጥ መጀመሪያው ከመስከረም 1 ጋር በአንድ ዕለት የሚውል ወር የትኛው ነው? (2 × (ወር − 1) ≡ 0 እንዲሆን ወሩ ስንት መሆን አለበት?)
8. ጳጉሜን 5 ሁልጊዜ መስከረም 1 በዋለበት ዕለት ይውላል። ለምን? ፍንጩ ማሟሟቂያው ውስጥ አለ።

ቀን መቁጠሪያው የሌለንን ዓመትስ? የመስከረም 1ን ዕለት ራሳችን እናገኛለን። ዓመት 365 ቀን ስለሆነና 365 ≡ 1 ስለሆነ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ያኔ ሁለት ቀን ይገፋል። የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) አሰራር ይህንኑ ነው የሚያደርገው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት፣ ያወጣል። እሱን ለ4 አካፍሎ ድርሻውን ይወስዳል፤ መጠነ ራብዒት ይባላል። ሁለቱን ደምሮ በ7 ይገድፋል፤ ለ7 አካፍሎ ቀሪውን ብቻ ይይዛል ማለት ነው።

ለ2018፦ 7518 + 1879 = 9397። 9397 ሞድ 7 = 3። ሐሙስ።

አሁን እናሳጥረው። 5500 ለ4 ያለቀሪ ስለሚካፈል የእሱን ድርሻ ለብቻው ማውጣት እንችላለን። 5500 ≡ 5፣ ሩቡ 1375 ≡ 3፣ ድምራቸው 8 ≡ 1 (ሞድ 7)። ያ ሁሉ አምስት ሺህ ዓመት ወደ አንድ ወረደ! ስለዚህ፦

ዓመተ ምሕረት + የዓመቱ ሩብ ድርሻ + 1፣ በሞድ 7

2018 ≡ 2፣ 504 ≡ 0፣ ሲደመር 1። ውጤቱ 3። ይህን በቃል መስራት ይቻላል።

በታሪክ እንፈትነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ነበር። 1888 ≡ 5፣ ሩቡ 472 ≡ 3፣ ሲደመር 1፦ 9 ≡ 2። የ1888 መስከረም 1 ረቡዕ ነበር ማለት ነው። የካቲት 6ኛ ወር ነው፦ 2 + 10 + 22 = 34 ≡ 6። እሑድ። ጦርነቱ እሑድ ዕለት እንደነበር ታሪክ የመዘገበው ነው፤ ቀመራችን አልዋሸም።

9. የተወለዳችሁበት ዕለት ምን ነበር? እናታችሁን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። እናቶች ዕለቱን አይረሱም፤ በተለይ የበዓል ዋዜማ ከነበረ።

ማባዛትና ፓወር

በሞዱሎ ከማባዛታችን በፊት ቁጥሮቹን ማሳነስ እንችላለን። ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ሰኞ ከሆነ ከ2¹⁰⁰ ቀን በኋላ ምን ዕለት ይሆናል?

2³ = 8 ≡ 1 (ሞድ 7)። ስለዚህ በየሦስቱ ፓወር ወደ 1 ይመለሳል። 100 ሞድ 3 = 1። ስለዚህ 2¹⁰⁰ ≡ 2። ሰኞ ሲደመር 2፣ ረቡዕ። ያን ሁሉ ቀን የሚኖር ባይኖርም።

እዚህ ልብ በሉ፦ ፓወሩ ላይ የተቀመጠውን ቁጥር የምናሳንሰው በ7 አይደለም። ዑደቱ በተደጋገመበት ቁጥር ነው፤ እዚህ በ3። የ7²⁰¹⁸ የመጨረሻ አሃዝ (ማለትም ሞድ 10) ሲጠየቅ ብዙ ልጆች 2018ን በ10 ያሳንሱና 7⁸ ብለው 1 ይመልሳሉ። የ7 ፓወሮች መጨረሻ ግን 7፣ 9፣ 3፣ 1 እያለ በአራት ይዞራል። 2018 ሞድ 4 = 2፤ መልሱ 9።

10. የ3²⁰¹⁸ የመጨረሻ አሃዝ?
11. 5¹⁰⁰ ሞድ 7?

ለሱቅ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። 10 ≡ 1 (ሞድ 9) ስለሆነ ማንኛውም ቁጥር ከአሃዞቹ ድምር ጋር በሞድ 9 እኩል ነው። 347 × 86 = 29842 ብላችኋል እንበል። 3+4+7 = 14 → 5። 8+6 = 14 → 5። 5 × 5 = 25 → 7። መልሱስ? 2+9+8+4+2 = 25 → 7። ተስማማ። ካልተስማማ በእርግጠኝነት ስህተት አለ። ቢስማማም ግን ዋስትና አይደለም፤ 28942 ብትጽፉም ያው 7 ነው የሚመጣው። አሃዝ ሲቀያየር ይህ ዘዴ አያይም።

የውሃ ፈረቃ፦ ያልታወቀውን መፈለግ

ዳር ሰፈር የሚኖር ሰው ይህን ጥያቄ ሳይማርም ያስበዋል። ውሃ በየ5 ቀኑ ይመጣል እንበል፤ ዛሬ ማክሰኞ መጣ። ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ ነው። ውሃ ከቅዳሜ ጋር የሚገጥመው መቼ ነው?

ማክሰኞ 1፣ ቅዳሜ 5። ከ"ቀ" ዙር በኋላ፦ 1 + 5ቀ ≡ 5፣ ስለዚህ 5ቀ ≡ 4 (ሞድ 7)።

በሞዱሎ ዝም ብሎ ማካፈል የለም። በምትኩ በ5 ሲባዛ ቀሪው 1 የሚሆን ቁጥር እንፈልጋለን። 5 × 3 = 15 ≡ 1፤ ቁጥሩ 3 ነው። ሁለቱንም ወገን በ3 እናባዛ፦ ቀ ≡ 12 ≡ 5። አምስት ዙር፣ ማለትም ከ25 ቀን በኋላ። በጣት አረጋግጡ፦ ማክሰኞ፣ እሑድ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ፣ ሰኞ፣ ቅዳሜ።

12. ውሃ በየ4 ቀኑ ቢሆንና መጨረሻ የመጣው እሑድ ቢሆን፣ ቅዳሜ የሚገጥመው ከስንት ቀን በኋላ ነው?
13. የብሎኩ ጥበቃ ተራው በየ4 ቀኑ ነው፤ በቀን 1፣ 5፣ 9... ይመጣል። ውሃ በየ6 ቀኑ፣ በቀን 2፣ 8፣ 14... ይመጣል። መቼ ይገናኛሉ?
14. እንቁላል በአራት በአራት ሲደረደር 3 ይተርፋል፣ በአምስት በአምስት 2፣ በሰባት በሰባት 1። ከ140 በታች ከሆነ ስንት ነው?

ፋሲካን ማውጣት

ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የአብነት ትምህርት የተማሩ ሰዎች በቃላቸው ያወርዱታል። ሃይማኖታችሁ ሌላ ቢሆንም ስሩት፤ ሞድ 4፣ 7፣ 19 እና 30ን አንድ ላይ የሚያሰራ እንዲህ ያለ መልመጃ አላውቅም። በ2018 እንሂድ።

አንደኛ፣ ዓመተ ዓለሙን በ19 ግደፉ። 7518 ሞድ 19 = 13። ይህ መደብ ነው። አንድ ቀንሱ፤ ወንበር 12። (ቀሪው 0 ቢመጣ መደቡን 19፣ ወንበሩን 18 በሉ።)

ሁለተኛ፣ ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ግደፉ። 132 ሞድ 30 = 12። አበቅቴ ይባላል። 11 የመጣው የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ስለሆነ ነው።

ሦስተኛ፣ ወንበሩን በ19 አባዝታችሁ በ30 ግደፉ። 228 ሞድ 30 = 18። መጥቅዕ ይባላል። ወንበሩ 0 ከሆነ መጥቅዑን 30 አድርጉት።

አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 ናቸው፤ ይህ እንደ ማረሚያ ያገለግላል። ምክንያቱም 19 ≡ −11 (ሞድ 30) ነው። አንዱ ወደፊት በሄደ ቁጥር ሌላው እኩል ወደ ኋላ ይሄዳል።

አራተኛ፣ መጥቅዑ ከ14 በላይ ከሆነ በመስከረም፣ በታች ከሆነ በጥቅምት ይውላል። (14 ራሱ አይመጣም፤ ከ0 እስከ 18 ያሉትን ወንበሮች ሞክራችሁ እዩ።) የእኛ 18 ስለሆነ መስከረም 18። ዕለቱ፦ 3 + 17 = 20 ≡ 6፣ እሑድ።

አምስተኛ፣ የዕለቱን ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበውን ተደማሪ ቁጥር) ደምሩ፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 18 + 7 = 25። ይህ ድምር መባጃ ሐመር ይባላል።

ስድስተኛ፣ መጥቅዑ መስከረም ከዋለ ጾመ ነነዌ በጥር፣ ጥቅምት ከዋለ በየካቲት ይገባል። የመስከረሙ ድምር ከ30 ካለፈ 30 ቀንሱና ወደ የካቲት ውሰዱት። ስለዚህ ነነዌ ጥር 25። ፋሲካ ከዚያ 69 ቀን በኋላ ነው፤ ሁለት ወር ከ9 ቀን። መጋቢት 34፣ ማለትም ሚያዝያ 4። የ2018 ፋሲካ ይኸው ነው።

ተውሳኮቹን ብዙ ሰው ይሸመድዳቸዋል እንጂ ከየት እንደመጡ አይጠይቅም። ነነዌ ሰኞ መዋል አለበት። ከመስከረም እስከ ጥር አራት ወር ነው፤ ዕለቱ በ8 ≡ 1 ይገፋል። የመጥቅዑ ዕለት "ዕ"፣ ተውሳኩ "ተ" ይሁን፦ ዕ + 1 + ተ ≡ 0 (ሞድ 7)። እሑድ ከሆነ 6 + 1 + ተ ≡ 0፣ ተ ≡ 0፣ ማለትም 7። ዓርብ ከሆነ 4 + 1 + ተ ≡ 0፣ ተ = 2። ሌሎቹን እናንተ አውጡ። ቅዳሜ ላይ ለምን 1 ሳይሆን 8 እንደተባለ ስትደርሱበት፣ ሁለቱ በሞድ 7 አንድ መሆናቸውን አትርሱ።

15. የ2019 ፋሲካን አውጡ።
16. የ2020 ፋሲካን አውጡ። ነነዌው ሰኞ መዋሉንም አረጋግጡ።

መልሶች

ከ4 እስከ 6 ያሉት ግድግዳ ላይ ስላሉ እዚህ አልጻፍኳቸውም። 9ም የእናታችሁ ነው።

1. ከምሽቱ 4:30። 2. 12 ሰዓት። 3. ቀን፤ 50 ሞድ 24 = 2፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። 7. ሚያዝያ፣ 8ኛው ወር። 8. ጳጉሜን 5 ከመስከረም 1 በ364 ቀን ይርቃል፤ 365 ሞድ 7 = 1 ስለሆነ 364 ≡ 0። 10. 9። 11. 2፤ የ5 ፓወሮች በሞድ 7 በስድስት ይዞራሉ፣ 100 ሞድ 6 ደግሞ 4 ነው። 12. ከ20 ቀን በኋላ። 13. አይገናኙም፤ ጥበቃው ሁልጊዜ በጎዶሎ ቀን፣ ውሃው ሁልጊዜ በሙሉ ቀን ነው። 14. 127። 15. ወንበር 13፣ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ፤ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። 16. ወንበር 14፣ አበቅቴ 4፣ መጥቅዕ 26፤ መስከረም 26 ሐሙስ፤ ነነዌ ጥር 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 8።